ሠዓሊው በዛብህና የታደሰ ቀኝ ጆሮ

በደርግ ዘመን አቃቂ ውስጥ ቀለም የነካው ነገር ሁሉ በበዛብህ እጅ አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሙሽራ ሳጥን ላይ ጽጌረዳ፣ የጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ አንበሳ፣ ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ስፖንዳ ላይ አፍ ለአፍ የገጠሙ ርግቦች፣ ሁሉም የሱ ናቸው። ርግቦቹ አሰብ ደርሰው ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ከቃሊቲ ማዶ እምብዛም አይሻገርም። "እኔ ምን ቆርጦኝ? ሥራዬ ይሂድልኝ" ይላል። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ከጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበር። ሚስቱ ብዙወርቅ "ይሄ ሰው እንጀራ ሲቆርስ ወጡም ሰማያዊ ይሆናል" እያለች ታሾፍበታለች።

ሙያውን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ የሥዕልን ሕግ በኩርኩም አስተምረውታል። ሕጉ እንዲህ ነው። ጻድቅ ሰው ሙሉ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ሰማዕታትን የሚገርፈው ወታደር ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ እንደሆነ አባቱ "ክፉ ሰው ደፍሮ አያይህማ!" ይሉታል። ሌላም ነገር አለ። የቅዱሳኑ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ያው ትልልቅ ዓይን፣ ያው ቀጭን አፍንጫ። ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በፈረሱ መልክና ከራሱ አጠገብ በሚጻፈው ስም ነው። እናም በዛብህ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው አንድ ፊት ብቻ ነበር። ያንኑ ፊት ለመልአክም ለሙሽራም ያለብሳል፤ ማንም ቅር ተሰኝቶ አያውቅም።

እሁድ እሁድ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እታገኝ ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። አንዱ በዛብህ ነው። ሁለተኛው ደርዊሽ ነው፤ የወሎ ሰው፣ የመኪና ላይ ጽሑፍ የሚጽፍ። ፊደል ሲጽፍ እጁ እንደ ቅቤ ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር ግን ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ አይስልም፣ ፊደልና የሐረግ ቅጠል ብቻ። ሦስተኛው የአገሩ ተወላጅ፣ እዚያው ወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገው አናጢው ሰቦቃ ነው፤ እነሱ የሚቀቡትን ሳጥን የሚሠራው እሱ ነው። በዛብህ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀዶ፣ በከሰል የነደፈውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

"ያንተ ጊዮርጊስና ያንተ አንበሳ ወንድማማች ናቸው እንዴ?" ይላል ደርዊሽ። "ቁርጥ አንድ ፊት!"

"አንተ ደግሞ ቅጠልህን ብላ!" ይለዋል በዛብህ።

ሰቦቃ ይስቃል። እታገኝም ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና ትስቃለች። የተጣለውን ንድፍ ሰብስባ ለመደርደሪያዋ ምንጣፍ ታደርገዋለች። ብርጭቆዎቿ መላእክት ላይ ነበር የሚቀመጡት።

እታገኝ ባሏ ሞቶባት በሻይ ያሳደገችው አንድ ልጅ ነበራት፤ ታደሰ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ክፍል ይሠራ ነበር። የሌሊት ተራውን ጨርሶ ሲመጣ ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለበሩ መቃን፣ ዓይኑን ለባቡር ጣቢያው ሰጥቶ። "ልጄ፣ ወደ ውስጥ ግባ እንጂ" ስትለው "እዚህ አየር አለ፣ እማዬ" ይላታል። ቀኝ ጆሮው ጫፉ ጎደል ያለ ነው፤ ልጅ ሆኖ አህያ ነክሶት። ደርዊሽ "አህያው ምን ቢርበው ነው?" እያለ ሲያበሽቀው ልጁ ዞር ሳይል ፈገግ ይላል።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። የዚያን ጊዜ ነገር ለኖረበት ሰው አይነገርም፣ ላልኖረበትም አይገባም። ልጁ አልተመለሰም። መንገድ ዳር ወድቆ ያየው ሰው አለ ተባለ፣ ተቀብሯል ተባለ፤ የት እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። ማልቀስ ክልክል፣ ድንኳን መትከል ክልክል፣ ነፍስ ይማር ማለት ራሱ ያስጠይቃል። አሰሳ ይመጣል የተባለ ቀን ደግሞ እታገኝ የልጇን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ የሻይ ምድጃዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሁሉም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ነበር የተነሣው፤ የሌሎች እናቶች ልጆች በሷ ፎቶ እንዳይያዙባት ፈራች። ያን ቀን ጠዋት የሸጠችው ሻይ በልጇ ፎቶ የፈላ ነው። እግዜር ይሄን ለማንም አያሳይ!

ዓመታት አለፉ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ወራት ሲቀሩት፣ አንድ እሁድ ሌሎቹ ሲሄዱ እታገኝ በዛብህ አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ጋሽ በዛብህ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"ምን ገዶኝ፣ እታገኝ።"

"ፊቱ እየጠፋብኝ ነው።" ማን ብሎ አልጠየቃትም። "ድምፁ አለ። ሳሉ አለ። ፊቱን ግን ልየው ስል እንደ ጉም ይሆንብኛል። እናቱ ሆኜ! ይሳሉልኝ፣ በሞቴ። ሳልረሳው ይሳሉልኝ።"

በዛብህ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ይሣላል" አለ፣ እንዲያው አፉ እንዳመጣለት። ከቤት እስኪደርስ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። የተገደለ ልጅ መሳል በዚያ ጊዜ ቀልድ አይደለም። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ከሰሉን ይዞ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ሲል ታደሰ የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ሻይ ጠጥቷል፤ ፊቱን ግን አላየውም። በገዛ ራሱ አፈረ።

ቢሆንም ሳለ። ለወዳጅ ልጅ የሚገባውን ክብር ሰጥቶ፣ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን አድርጎ ሳለው። እታገኝ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዛ ብዙ ቆየች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ በዛብህ" አለች። "ገብርኤል ነው የመጣልኝ።"

ሌላ ሳለ። አገጩን አሳጠረ፣ ጉንጩን ሞላ፣ ጢም ጣል አደረገበት። "ቆንጆ ነው። እሱ ግን አይደለም።" ሌላም ሳለ። "እሱ አይደለም።" በመጨረሻው ጊዜ ወረቀቱን ሳታየው አጣጥፋ መለሰችለትና "ይተዉት በቃ፣ አይልፉ። የኔ ዕድል ነው" ብላ ብርጭቆ ልታጥብ ሄደች። ያቺ "ይተዉት" ከስድብ ይልቅ አመመችው።

ደርዊሽም የዚያን ቀን ሳይቀልድ "ስማ" አለው። "ሰው አይተህ ስለህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ በዛብህ። "አንድም ቀን።"

ነሐሴ ላይ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ዱሬሳ አስጠራው። ዱሬሳ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይባልም፤ የበላዮቹን ከመፍራት ብዛት እንቅልፍ ያጣ፣ ሲናገር የሚቸኩል ልጅ ነበር። ድልድዩ አጠገብ ለበዓሉ ትልቅ ሰሌዳ ይቆማል፤ ሰቦቃ በኮምፔንሳቶ ጣውላ ይሠራዋል፣ ደርዊሽ መፈክሩን ይጽፋል፣ በዛብህ ሥዕሉን ይስላል። ዱሬሳ አንድ የታተመ ሥዕል ዘረጋለት። ላብ አደር ከነመዶሻው፣ ገበሬ ከነማጭዱ፣ ወታደር ከነጠመንጃው፣ ሦስቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። በጎን። በአንድ ዓይን።

በዛብህ ሥዕሉን አገላብጦ አየው። "እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ?" አለ።

"ምን ያጠፋሉ? ጀግኖች እኮ ናቸው!"

"እንደሱ ከሆነማ እሺ" ብሎ ሄደ።

ጀግና ከሆኑ በዛብህ ዘንድ ሕጉ የታወቀ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዛብህም አባቱ ያስያዙትን አልለቀቀም። የአገሩን ሁሉ ገበሬና ላብ አደር በይሁዳ ወገን ሊያሰልፍ? አያደርገውም! ሦስቱንም ፊታቸውን ወደ ሰው አዞራቸው፤ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጣቸው፣ ጎን ለጎን አቆማቸው። በልቡ ውለታ የዋለላቸው መስሎታል።

ዱሬሳ መጥቶ ሰሌዳውን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ጓድ በዛብህ! ይሄ ምንድነው? ሥላሴን እኮ ነው የሳሉት! ሥላሴ ከነመዶሻው!"

ሰቦቃ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ምስማር የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ። እውነትም ሥላሴ ናቸው። አንድ መልክ፣ አንድ አቋቋም፣ ሦስት አካል።

"ወደ ሶሻሊዝም ነው እኮ የሚያዩት፤ እርስዎን ለምንድነው የሚያዩዎት?" አለ ዱሬሳ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የኔ አባት፣ ነገ የበላይ አካል ሊያየው ይመጣል። እንደ ወረቀቱ ካልሆነ እርስዎንም እኔንም የሚለቀን የለም። ልጆች አሉዎት፣ እባክዎ።"

የሚለምን ካድሬ ማየት ከሚቆጣው ይልቅ ያስፈራል። በዛብህ ሥላሴን በነጭ ቀለም ሸፈነና እንደ አዲስ ጀመረ። ወታደሩን በጎን ሳለ፣ ገበሬውን በጎን ሳለ፤ "አባባ ይቅር ይበሉኝ" እያለ፣ እጁ እየከበደው። ከታተመው ሥዕል ላይ ቁርጥ አድርጎ ቀዳቸው። ላብ አደሩ ላይ ሲደርስ ግን ዝናብ መጣና የታተመው ሥዕል ርሶ ተላላጠ። ቀኑ እየመሸ ነው። ከራሱ አውጥቶ መሳል ሊኖርበት ነው። በጎን የሆነ ሰው፣ የሆነ ወጣት፣ ባቡር የሚጠብቅ የሚመስል።

ግንባሩን ሳበ። አፍንጫውን። ወጣ ያለች የታች ከንፈር። ከዚያ ጆሮ አለ፤ ፊት ለፊት በሚሳል ቅዱስ ላይ ጆሮ እምብዛም አያስጨንቅም፣ በጎን ሲሆን ግን አንድ ትልቅ ጆሮ መሀል ላይ ቁጭ ይላል። በዛብህ ሳያስበው ጆሮውን ሳለና ጫፉን ጎደል አደረገው።

እጁ ቆመ። ከመሰላሉ ወርዶ ወደ ኋላ ሄዶ አየው። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ። ታደሰ ነዋ! ከሻይ ቤቱ በር ላይ ተነሥቶ መጥቶ! ይሄን ሁሉ ዓመት እነሱ የተቀመጡት ከውስጥ፣ ልጁ የተቀመጠው በሩ ላይ ነው፤ ሲያዩት የኖሩት ጎኑን ነው። እናቱም ከባንኮኒዋ ጀርባ የምታየው ያንኑ ጎን ነበር። እሱ ደግሞ ልጁን በክብር እስለዋለሁ ብሎ ማንም ያላየውን ፊት ሲፈልግ ከረመ።

ደርዊሽ ከታች መፈክሩን እየጻፈ ነበር። ቀና ብሎ አየ፤ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

"ያ አላህ! አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ቀባው! አሁኑኑ ቀባው! ሁላችንንም ልታስበላን ነው?"

ሰቦቃም መጥቶ አየ። "ጆሮውን እንኳ ሙላው" አለ ቀስ ብሎ። "ጆሮው ከሞላ ማንም አይለየውም።"

በዛብህ ብሩሹን አነሣ። እርግጥ ነው ፈርቷል፤ ያልፈራ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ብዙወርቅን አሰበ፣ ልጆቹን አሰበ። ነገር ግን ጆሮውን ከሞላው ልጁ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም፣ እጁ ሁለተኛ አይታዘዝለትም። "እሱ አይደለም" ያለችው እናት ትዝ አለችው።

"አልሞላም" አለ። "እናንተ ቤታችሁ ሂዱ፤ ከተጠየቅን እኔ ነኝ የሳልኩት።"

"ሂድ ወዲያ!" አለው ደርዊሽ። ብሩሹን ከጭቃው አንሥቶ ጠረገና ፊደሉን ጨረሰ። ሰቦቃም መሰላሉን ይዞለት ቆየ።

የበላይ አካል የተባሉት መጥተው አዩ፤ እንደ ወረቀቱ ነው ብለው ሄዱ። ለነሱ ላብ አደር ነው፤ ከየት ያውቁታል?

መስከረም ሁለት ቀን አቃቂ ሁሉ በድልድዩ አለፈ። ማኅበር በማኅበሩ፣ ፋብሪካ በፋብሪካው። በዛብህ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ሰልፍ ሲደርስ የሸማኔ ክፍሎቹ ቀና አሉ። አንዱ አየ፣ ጎኑ ያለውን ጎሰመ። መፈክሩ ሳሳ። ሰልፉ ሁሉ በዝምታ እያየ አለፈ፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ሙቀት እንደበዛበት ሰው አወለቀ። ይቺ አቃቂ ድመት ብትወልድ የልጆቿን አባት ስም የምታጣራ፣ ወሬ የማይዘጋባት አገር ናት። ያን ቀን ግን አንድ አፍ አልተነፈሰም። ከዚያም በኋላ አልተነፈሰም።

የሴቶች ማኅበር መጣ። እታገኝ መሀል ሰልፍ ላይ ነበረች፣ አንገቷን ደፍታ። ሰሌዳው አጠገብ ስትደርስ ምን እንደነካት አይታወቅም፣ ቀና አለች። ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ገጯት፤ አልተንቀሳቀሰችም። አሁን ብትጮህ፣ ስሙን ብትጠራ፣ ሁሉም ያለቀለት ነው።

እታገኝ እጇን ወደ አፏ ወሰደችና እልል አለች። ረጅም፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። ዕንባዋ እየወረደ እልል አለች፤ የገባቸው ሴቶች ተከተሏት፣ ያልገባቸውም ተከተሉ፣ ድልድዩ በእልልታ ተናወጠ።

ጓድ ዱሬሳ ደስታውን አልቻለውም። "አያችሁ እናት እታገኝን! ንቃት ማለት ይሄ ነው!" አለ። በዛብህ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ማልቀሱ እንዳይታይበት።

በዓሉ ሲያልፍ ሰሌዳው ለሚቀጥለው ዓመት ተቀብቶ እንደገና ሊሳልበት ታዘዘ። እታገኝ ቀበሌ ሄዳ ዱሬሳ ፊት ቆመች። "ልጄ፣ የላብ አደሩን ሥዕል ለሻይ ቤቴ ስጠኝ" አለችው። እልልታዋን ያልረሳው ዱሬሳ "ለናት ያልተሰጠ ለማን ይሰጣል!" ብሎ ፈቀደ። ሰቦቃ ኮምፔንሳቶውን በመጋዝ ቆርጦ አወጣው። በዛብህ ዙሪያውን ለሙሽራ ሳጥን የሚያደርገውን የጽጌረዳ ሐረግ ሳለበት። በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ድሮ ይቀመጥበት ከነበረው አግዳሚ በላይ ሰቀሉት። ካድሬ ሲመጣ የአብዮት ሥዕል ነው። እታገኝ ስትከፍትና ስትዘጋ ቀና ብላ ታየዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ልጅ እንዳላት የሚመሰክርላት እሱ ብቻ ነበር።

በዛብህ ከዚያ በኋላ ሰው እያየ መሳል ያዘ። ብዙወርቅ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ሰቦቃ ምስማር በጥርሱ ይዞ፣ ሁሉንም በሲሚንቶ ወረቀት ላይ፣ ሁሉንም በጎን። ደርዊሽን የሳለው ጊዜ "ነፍስ ያለው ነገር! ቅደደው!" ብሎ ጮኸበት፤ ሄዶ ሲያበቃ ግን ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል፣ ማን እንደወሰደው አልተጠየቀም። ዓመታት ሲያልፉ የሣላቸው መኪኖች ብረታቸው ተሸጠ፣ ጠጅ ቤቶቹ ኖራ ተቀቡ፣ እጁም እየተንቀጠቀጠ ብሩሽ መያዝ አቃተው።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ትናንት መፈክር ሲያስጮህ የነበረ የሰፈር ሰው አንድ ወጣት ታጋይ እየመራ ሻይ ቤት ገባ። በዛብህና ደርዊሽ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

"ይኸው!" አለ ሰውየው ግድግዳውን እያሳየ። "የደርግ ሥዕል ሰቅላ!"

"እናቴ፣ አውርጂው" አለ ታጋዩ።

እታገኝ ከባንኮኒዋ ወጥታ መጣች። እጇን በመቀነቷ ጠረገች። በዛብህ ሊነሣ ሲል በእጇ አስቀመጠችው።

"ይሄ ደርግ አይደለም" አለች። "ልጄ ነው። ታደሰ ይባላል። ከዚህ በር ላይ ነው የወሰዱት።"

ያን ስም ጮክ ብሎ የጠራው ሰው በዚያ ቤት ለዓመታት አልነበረም። ያ የሰፈር ሰው መሬት መሬት አየ። ታጋዩ ሥዕሉን አየ፣ አግዳሚውን አየ፣ እሷን አየ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

"ነፍስ ይማር፣ እናቴ" አለ።

እታገኝ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አለች። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ይቺን ቃል ማንም አላላትም። የልብ ወዳጆቿ እንኳ አላሏትም፣ በዛብህ እንኳ። ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

"ጋሽ በዛብህ፣ ስሙ ይጻፍልኝ" አለች። "እንደ ቅዱሳኑ፣ ከራሱ አጠገብ።"

የበዛብህ እጅ አይረጋም። ብሩሹን ለደርዊሽ ሰጠው። ደርዊሽ አግዳሚው ላይ ወጥቶ፣ በዚያ በሚያምር ፊደሉ፣ ሳይቸኩል ጻፈ፤ ታደሰ።

እታገኝ ያን ጊዜ ጮኸች። ደረቷን እየመታች "ልጄ! ታደሰ!" ብላ ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ የሻይ ቤቱ ጎረቤት፣ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ሸማኔ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ሰቦቃ ከቤቱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ደጁ ላይ ደረደረ። በዛብህም ከጠረጴዛው ተነሥቶ ከልቅሶተኞቹ ጋር ተቀመጠ።